ፍሬን እንደረገጥኩ

እናንተዬ፣ ሰው ከጎረቤቱ ሲጣላ፣ ከትዳር ጓደኛው ሲጣላ፣ ሲብስበትም ከፈጣሪው ጋር ሲካሰስ አይታችሁ ይሆናል። እኔ የምነግራችሁ ግን ከገዛ ቀኝ እግሬ ጋር ስለተናነቅኩበት ቀን ነው። እሱ ልሂድ ይላል፣ እኔ ንቅንቅ አትልም እለዋለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ከጠረጴዛው ስር ሆኖ ወለሉን ጫን ጫን እያደረገ ነው።

ያኔ ጅማ ውስጥ ባጃጅ ነበር የምነዳው። ከሂርማታ አጂፕ፣ ከአጂፕ ሂርማታ፣ ቀኑን ሙሉ። ባጃጇ የሰው ናት፤ ሲመሽ አጥቤ ለባለቤቷ አስረክባለሁ። ሁለት ሴት ልጆቼን ብቻዬን ስለማሳድግ ያልሞከርኩት ሥራ የለም፤ ጉልት ተቀምጫለሁ፣ የሰው ልብስ አጥቤያለሁ። እንደ መሪ የተስማማኝ ግን አላገኘሁም። መሪ ስይዝ ሰው እሆናለሁ።

አንድ ቀን ሐጂ ሙስጠፋ የሚባሉ የሸቤ ቡና ነጋዴ ተሳፈሩ። ጉድጓዱን ሁሉ እየሸወድኩ ሳደርሳቸው ቆይተው አዩኝና፣

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ እጅ ለባጃጅ አይገባም" አሉኝ። "ሹፌሬ ጥሎኝ ሄዷል። ደረቅ አውጪ። ቡናው ተለቅሞ ሳያልቅ ካወጣሽ፣ ወላሂ የመኪናዬ ቁልፍ ያንቺ ነው። ካላወጣሽ ግን ቡና አይጠብቀኝም፣ ሌላ እቀጥራለሁ።"

ደረቅ የምንለው የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ነው። ተመዘገብኩ። ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም፤ የሹፌሮችን መጽሐፍ ግን ተሳፋሪ ስጠብቅ መሪው ላይ ዘርግቼ ጨረስኩት። የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ። የሜዳውንም አለፍኩ። የቀረኝ የመንገዱ ብቻ ነበር።

የመንገዱ ፈታኝ ኦቦ ደረጀ ይባላሉ። ጋቢና ውስጥ እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አይናገሩም፣ አይቆጡም፣ አያስሉም። የሚያውቋት አንዲት ቃል ናት፤ "ውረድ።" ሰው ሁሉ በስውር "ጋሽ ውረድ" ነው የሚላቸው።

የእኛ ፈተና እንዲህ ነበር። መኪናዋ አንድ ናት፣ ተፈታኙ ብዙ። አንዱ ሲነዳ ሌሎቻችን ከኋላ ጭነት ነን። ስለዚህ የሚነዳው ሰው የሚፈራው ለመንጃ ፈቃዱ ብቻ አይደለም፣ ጀርባው ላይ ቆመው በልባቸው ለሚረግሙት ጓደኞቹም ነው። መኪናዋ ደግሞ አርጅታለች። የእጅ ፍሬኗ ለስሙ ነው ያለው፤ ተዳፋት ላይ ስናቆማት ጎማዋ ስር ድንጋይ እንወሽቃለን። እሱን ታኮ እንለዋለን።

ኅዳር ውስጥ ነው፣ ፀሐዩ ከርሯል። ከጅማ ወደ ሰርቦ ስንወጣ ከኋላ አጠገቤ የቆመው ናስር ነበር፤ አጂፕ ጎማ የሚጠግን፣ አፉ የማያርፍ ወጣት።

"እትዬ ሙሉነሽ፣ ይቺ ሦስት እግር አይደለችም፣ ስድስት ናት። ግራ እንዳይገባሽ።"

"አንተ መጀመሪያ ሁለቱን የራስህን አቁም! ምን ያንቀጠቅጥሃል?"

"ብርዱ ነው።"

"በዚህ ፀሐይ?"

"ወላሂ ከውስጥ ነው ብርዱ" አለና ሁላችንንም አሳቀን። ሳቁ ሳያልቅ መኪናዋ ቆመች። የፊተኛው ተፈታኝ አንገቱን ደፍቶ ወረደና ስሜ ተጠራ።

ጋቢና ገባሁ። አማተብኩ። ቀበቶዬን አሰርኩ፣ ስፖኪዮውን አየሁ፣ ማርሽ አስገባሁ። መኪናዋ እሺ አለችኝ። ዳገቱን ወጣሁ፣ ከብት አሳልፌ ቆሜ እንደገና ተነሳሁ። በጎን ሰርቄ ሳይ የኦቦ ደረጀ እስክሪብቶ እንደተዘጋ ነው። ሙሉነሽ፣ ይሄኔ አልፈሻል አልኩ በልቤ። የሐጂ ሙስጠፋን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት።

ከዚያ ሰርቦ ሳይደርስ ያለችው ቁልቁለት መጣች፤ ኩርባም አላት።

ኩርባውን ስዞር ቀኝ ግማሹ አስፋልት ላይ ጀንፈል ተሰጥቷል። ከነልጣጩ የሚደርቀውን ቡና ማለቴ ነው። በለቀማ ወራት በእኛ በኩል አስፋልቱ ግማሹ የመኪና፣ ግማሹ የቡና ነው። አስፋልት ስለሚሞቅ ቶሎ ያደርቃል ይላሉ። ሹፌሩም ይህን ያውቃል፤ ወደ ግራ ወጥቶ፣ ጥሩንባ ነፍቶ፣ ሰላም ብሎ ያልፋል። የሰው ቡና መርገጥ የሰው ማዕድ መርገጥ ነው። ረግጦ ያለፈ ሹፌር ክፉ ስሙ ሰኮሩ ድረስ ቀድሞት ይደርሳል። ጀንፈሉ መሐል አንዲት አረንጓዴ ሻሽ ያደረጉ አሮጊት በባዶ እግራቸው ቡናውን እየገፉ ትልም ትልም ሲያወጡለት አየሁ። ጀርባቸው ወደ እኔ ነው።

መጽሐፉ ኩርባ ላይ ነጩን መስመር አትለፍ ይላል። ያደግኩበት አገር የሰው ቡና አትርገጥ ይላል። ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም፤ እጄ አገሩን ሰማ። ወደ ግራ አጠፍኩ።

ከታች ጆንያ እስከ ሰማይ የጫነ መኪና ፊት ለፊቴ ወጣ።

ጥሩንባው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። መሪውን ወደ ቀኝ መለስኩና ፍሬን ረገጥኩ፤ እሱ በግራዬ ሽው ብሎ አለፈ። ጎማው ጀንፈሉ ላይ ወጣ። ብይ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ጎማው አይዞርም፣ መኪናዋ ግን ትሄዳለች። ከኋላ የሰው ጩኸት፣ ከስር የቡና ኩርሽምሽም። ሞተሩ ጠፋ። መኪናዋ ወደ ቀኝ አዘነበለችና በቦዩ ጠርዝ ላይ ተንገጫግጫ ቆመች።

ቀና ብዬ ጀንፈሉን አየሁ።

አረንጓዴው ሻሽ የለም።

"ኦቦ ደረጀ... እናትየዋስ?"

በመስኮታቸው አንገታቸውን አውጥተው ወደ ታች አዩ። ፊታቸውን ወደ እኔ ሲመልሱ ደም አልነበረውም። ሕፃን እንደተኛበት ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ሙሉነሽ፣ እግርሽን እንዳታነሺ" አሉኝ።

"ምን ሆነ?"

"ቦዩ ውስጥ ናት። ልክ ከጎማው ስር። ጎማው ጠርዙን ይዞ ነው የቆመው። ከተንሸራተተ እሷ ላይ ነው።"

"ሞተዋል?"

"አትንቀሳቀስም።"

የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ምንም። ማርሽ ላስገባ አሉና ፍሪሲዮን እንድረግጥ ነገሩኝ። ግራ እግሬን ሳነሳ ቀኙ ላላ፤ መኪናዋ ሸርተት አለች፤ የቦዩ አፈር ተናደና ወደ ታች ሲወርድ ሰማነው። "ተይው! ተይው!" ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው፣ "ማንም እንዳይዘል! አንድ በአንድ፣ በግራ በኩል፣ እንደ ድመት!"

ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ይከብዳል። እንደ ድንጋይ ይሆናል። በሙሉ አካሌ ተንጠልጥዬ ነው የያዝኩት፤ ጉልበቴ መጨረሻው ላይ ደርሷል። ከስር አንድ ጀንፈል በተሰበረ ቁጥር መኪናዋ ትንሽ ትተነፍሳለች፣ እኔም አብሬያት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሹፌር ለሹፌር የሚያስተምረው፣ መጽሐፍ ላይ የሌለ ትምህርት አለ። ሰው ከገጨህ አትቁም፤ ሮጠህ ፖሊስ ጣቢያ ገብተህ እጅህን ስጥ። ይህ ከክፋት አይደለም። የሞተበት ሰው ዳኛ አይጠብቅም፤ በዱላ የቀረ ሹፌር ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ባጃጅ በጀመርኩ ሰሞን የተነገረኝ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ እግርሽን አስቢ።

ናስር በመስኮቴ ብቅ አለ። ሳቁ የለም፤ ፊቱ አመድ ነው። የቆምኩበትን ምክንያት ገና አልሰማም።

"እትዬ ሙሉነሽ፣ ውረጂና ሩጪ! ሰው እየወጣ ነው። ዱላ ይዘዋል፣ ወላሂ ይገድሉሻል! ሰርቦ ቅርብ ነው፣ ሩጪ!"

"አልችልም።"

"እኔ መኪናዋን እጠብቃለሁ፣ ውረጂ!"

"ናስሬ፣ እግሬን ካነሳሁ ሰው ይሞታል። ታኮ አምጣ። ድንጋይ፣ ያገኘኸውን ሁሉ!"

ጎንበስ ብሎ አየና ሮጠ።

ከዚያ ቤቱ ካለበት ከቁጥቋጦው በኩል የሴት ጩኸት ሰማሁ። "ሃዳ ኮ! ሃዳ ኮ!" እናቴን፣ እናቴን ትላለች። ከኋላዋ ወንዶች ይሮጣሉ። ከሁሉም ፊት አንድ ረጅም ሰው ዱላውን ከፍ አድርጎ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። በሩን በርግዶ ከፈተና ክንዴን ያዘ።

"ሃዳን ኮ ኤሳ ጅርቲ? እናቴ የት ናት?"

እኔ እንኳን በኦሮምኛ ሒሳብ የምከራከር፣ የምቀልድ ሴትዮ ነኝ። ያን ሰዓት ግን አንድ ቃል ብቻ ቀረኝ። "ሚላ ኮ... ሚላ ኮ..." እግሬን፣ እግሬን እላለሁ። እሱ እናቱን ሲጠይቀኝ እኔ ስለ እግሬ የማለቅስ መሰለው። ዓይኑ ተለወጠ። ክንዴን ሳበ። ከወንበሩ ተነሳሁ። ፍሬኑ ከጫማዬ ስር ሲያመልጥ ተሰማኝ፤ መኪናዋ ሸርተት አለች፤ ከታች እህቱ የነፍስ ጩኸት ጮኸች።

ኦቦ ደረጀ ወገቤን አቅፈው ወደ ታች ጎተቱኝ፤ እግሬ ፍሬኑ ላይ ተመልሶ ወደቀ። በሰውየው ላይ ያን ዝምተኛ ጉሮሯቸውን ከፈቱበት። በኦሮምኛ ነው፤ "እናትህ ከስር ናት! የያዘቻት ይህች ሴት ናት! ከጎተትካት እናትህን በእጅህ ገደልክ!"

ሰውየው ደነዘዘ። ዱላው ከእጁ ሾልኮ አስፋልቱ ላይ ተንኳኳ። ጎንበስ ብሎ እግሬን አየ፤ እንደ ስልክ ሽቦ ይርገበገባል። ወገኖቼ፣ ከዚያ ያደረገውን እስክሞት አልረሳም። ይህ በደህና ቀን የባዕድ ሴት እጅ የማይጨብጥ ሰው ደረጃው ላይ ተንበረከከና ሁለት እጁን ጉልበቴ ላይ አድርጎ ወደ ታች ተጫነ። በእኔ እግር ፍሬኑን ለእናቱ ይረግጣል። እንባው ቀሚሴ ላይ ይወርዳል።

"ያዢ" ይለኛል። "ማሎ፣ እባክሽ እህቴ፣ ያዢ።"

ስሙ ከድር ነበር። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ናስርና ጓደኞቹ ድንጋይ አመጡ። የመጀመሪያውን ከጎማው ስር ሲወሽቁት ጀንፈሉ ላይ እንደ ሳሙና ሸሸ። ሁለተኛውም እንደዚያው። "አይዝም! ቡናው አያስይዝም!" ብሎ ጮኸ ናስር። ያኔ እያለቀሰች የነበረችው የከድር እህት ሻሿን ከራሷ ገፈፈችና በጉልበቷ ተንበርክካ የዓመት ቡናቸውን ከአስፋልቱ ውጭ ትጠርግ ጀመር። ሌሎቹም ሴቶች ተከተሉ፤ በነጠላ፣ በቅጠል፣ በክንዳቸው። ፀሐይ ሲጠብቁለት የከረመው ቡና እንደ ቆሻሻ ተጠረገ። አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ሲታይ ድንጋዩ ነከሰ። በእያንዳንዱ ጎማ ፊት ወሸቁ። ጠርዙ ስር ግንድ አስገቡ።

ናስር በደረቱ ተስቦ ቦዩ ውስጥ ገባ። እኔ የማየው ሰማዩንና የከድርን አናት ብቻ ነው። ከታች ምንም ድምፅ የለም። እንደዚያ ያለ ዝምታ እግዜር አያምጣባችሁ። እመቤቴ፣ አንድ ድምፅ፣ ማቃሰትም ቢሆን፣ አልኩ።

ስበው አወጧቸው። የአሮጊቷ ዓይን ተከድኗል፤ አንድ እግራቸው ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ልጃቸው ፊታቸውን በውሃ አራሰች። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሰዉ ሁሉ ጆሮውን አስጠጋ።

"ቡና ኮስ?" አሉ።

ቡናዬስ! ያን ጊዜ የሳቀው ያለቅሳል፣ ያለቀሰው ይስቃል። ከድር ጉልበቴን እንደያዘ ግንባሩን መሪው ላይ ደገፈና ተንሰቀሰቀ።

"አሁን አንሺ" አሉኝ ኦቦ ደረጀ። እንዴት ይነሳ! እግሬ የእኔ አልነበረም። በመጨረሻ ከድር ራሱ ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ከፍሬኑ ላይ አነሳልኝ፣ ልክ እንደ ሕፃን እግር።

እሳቸው ወደ ጅማ ሆስፒታል፣ እኔ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ኦቦ ደረጀም ከድርም ያዩትን ተናገሩ፤ በዋስ ወጣሁ። በር ላይ ስንለያይ ኦቦ ደረጀን አቀርቅሬ ጠየቅኳቸው።

"ጌታዬ፣ ፈተናውስ?"

"ወድቀሻል" አሉኝ። "ኩርባ ላይ መስመር አልፈሻል። የሰው ነፍስ ይዘሽ መቆምሽን እግዜር ይመዝግብልሽ፤ እኔ የምመዘግበው መስመሩን ነው።"

ተናደድኩ? አልተናደድኩም። ፈራሁ እንጂ። በማግስቱ ባጃጇ ላይ ወጥቼ ፍሬኗን ስነካ ከስሬ የሚንኮሻኮሽ ነገር ሰማሁ። ላቡ አጠመቀኝ፤ ቁልፉን ለባለቤቷ መለስኩ። ሐጂ ሙስጠፋም ሌላ ሹፌር ቀጠሩ። ልጆቼ "እማ፣ መቼ ነው የምትነጂው?" ሲሉኝ ወሬ እቀይራለሁ። መንገድ ስሻገር እንኳ የመኪና ፍሬን ሲንጫጫ ግድግዳ እይዝ ነበር። መሪ ስይዝ ሰው እሆናለሁ ያልኳችሁ ሴትዮ ከሰውነት ወጣሁ።

ቆይቶ የሁለታችንም ሽማግሌዎች ለእርቅ ተቀመጡ፤ እዚያው እቤታቸው፣ አሮጊቷ እግራቸው በጄሶ ታስሮ አልጋ ላይ ሆነው። ስማቸው ሃዳ ፋጡማ ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ካሳ ሊያወሩ ሲጀምሩ እጃቸውን አነሱ።

"ለምን ወደ ግራ ወጣሽ?" አሉኝ ቀጥታ።

"ቡናዎን ላለመርገጥ ነው፣ ሃዳ።"

"ሞኝ! ቡና ቢረገጥ ይለቀማል። ሰው ቢረገጥ ይለቀማል?" ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "እኔም ሞኝ ነኝ፤ ቡና መንገድ ላይ አሰጣሁ። ሞኝና ሞኝ ነን፣ ካሳ የለም። ግን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። የሚመጣውን ዓመት ቡናዬን ጅማ የምታደርስልኝ እሷ ትሁን።"

"እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ሃዳ። መንዳትም ትቻለሁ።"

"እንግዲህ አውጪዋ! እርቄ ይሄው ነው።"

ከድር በር ላይ ቆሞ፣ "አትከራከሪያት" አለኝ። "እኛ ቤት እሷን ያሸነፈ የለም።"

አንባቢዎቼ፣ ገንዘብ ቢጠይቁኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ ፍርሃቴን ነው። ከባዶ ጀመርኩ። መጀመሪያ የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ፤ ከዚያ ሞተር ማስነሳት ብቻ። አንዳንድ ቀን አስታውኬ እወርዳለሁ። ናስር ቀድሞኝ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ነበርና በትርፍ ሰዓቱ አጠገቤ እየተቀመጠ "ትንሽ፣ እትዬ፣ ሌላ ትንሽ" ይለኛል። ፈተናውን ከኦቦ ደረጀ ጋር በድጋሚ ወሰድኩ። መንገዱ ላይ ቡና ተሰጥቶ ሳገኝ ዞሬ አላለፍኩም፤ ቆምኩ። ከፊቴ የሚመጣው ሁሉ እስኪያልፍ፣ ቡናው ላይ ያለው ሰው እስኪወጣ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው መኪና በጥሩንባ ሰደበኝ። ይስደበኝ፤ ፈተናውን አለፍኩ።

ሰው "ፍርሃት ለሹፌር አይሆንም" ሲል እሰማለሁ። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ፍርሃትን እንደ ጠላት ካባረርኩት ይልቅ አጠገቤ አስቀምጬ ስነዳ ነው ደህና የምነዳው። ቡና የምታሰጡም እባካችሁ አስፋልቱን ተዉት፤ በማድረቂያ አልጋ ላይ ቢደርቅ ቀኑ ቢረዝም እንጂ አይጎድልበትም። የምትነዱም ቁሙ። ለይሉኝታ መስመር አትለፉ። ከሁሉም በላይ የምትሮጡበትንና የምትቆዩበትን ሰዓት ለዩ፤ እኔ ያን ቀን በሹፌሮች ምክር ሮጬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ከየት ሆኜ እንደሆነ አላውቅም።

በሚቀጥለው ለቀማ የሐጂ ሙስጠፋ ሹፌር እንደ ፊተኛው ጥሏቸው ሄደና ቁልፉን ሰጡኝ፤ መኪናውን ይዤ ሃዳ ፋጡማ ደጅ ደረስኩ። ቡናው በእንጨት አልጋ ላይ ነበር የደረቀው። ከድር ጆንያውን ጭኖ ሲጨርስ እናቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ጋቢናው በር ላይ ቆሙ።

"ከእኔ ጋር ሊሄዱ ነው?"

"ቡናዬን ብቻውን ልላክ እንዴ?"

ደግፈን አስገባናቸው። ያቺ ኩርባ ወደ ጅማ ሲሄዱ ዳገት ናት፤ እሳቸውን ይዤ ሳልፋት የመጀመሪያዬ ነው። ደጁን ለቀን ስትታየኝ እግሬ ያችን የድሮዋን መርገብገብ ጀመረ። ቀስ አልኩና ጥግ ይዤ ቆምኩ። ሃዳ ፋጡማ መንገዱን አዩ፣ ቦዩን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

"ኢንታሎ ኮ፣ ልጄ፣ ፈራሽ?"

"አዎ፣ ሃዳ።"

ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ጣቶቻቸው ነጥተዋል።

"እኔም ፈርቻለሁ" አሉኝ። "በይ ንጂ።"